ግርጌው ላይ ማን ፈረመ?

በ1548 እና በ1549 ሮም ከተማ ውስጥ የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ታተመ። ሥራውን የመሩት ከኢትዮጵያ የሄዱ መነኩሴ፣ አባ ተስፋ ጽዮን ነበሩ። ማተሚያ ቤቱ የሁለት ጣሊያናውያን ወንድማማቾች፣ የቫሌሪዮ እና የሉዊጂ ዶሪኮ ነበር። መጽሐፉ ግን የኅትመት ስሕተት በዛበት። አባ ተስፋ ጽዮንና ባልደረቦቻቸው ስሕተቱን አልሸሸጉም። ለአንባቢው በጻፉት ቃል ምክንያቱን አስረድተው ይቅርታ ለመኑ። ፊደል የሚለቅሙት ሰዎች ግእዝ ማንበብ አይችሉም፤ ግእዝ የሚያነቡት ደግሞ ፊደል መልቀም አያውቁም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተደጋግፈው ሠሩት፤ የቃሉ መንፈስ ይህ ነው።

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር ውስጥ ካሉት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ አጭር ቃል ለአንባቢው ብዙ ነገር ነገረው። መጽሐፉን ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደተሠራ፣ ጉድለቱ ምን እንደሆነና ለጉድለቱ ማን እንደሚጠየቅ። ከ470 ዓመት በኋላ አንድ ሰው በስልኩ የአማርኛ የዜና ድረ ገጽ ከፍቶ እስከ ታች ድረስ ቢወርድ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ነው። ግራጫ መደብ ላይ በግራጫ ቀለም «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል መስመር፣ ያለፈ ዓመተ ምሕረት፣ አራት የማኅበራዊ ሚዲያ ምልክቶች። መብቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አዘጋጁ ማን ነው? ቢሮው የት ነው? ስሕተት ሲገኝ ለማን ይነገራል? መልስ የለም።

የድረ ገጽ ሠሪዎች ይህን ቦታ «ፉተር» ይሉታል፤ በአማርኛ ግርጌ ነው። አልጋ ራስጌና ግርጌ እንዳለው ሁሉ ገጽም አለው። ራስጌው ላይ ስምና አርማ ይደምቃል፤ ሁሉም ይጨነቅበታል። ግርጌው ደግሞ የተረፈው ሁሉ የሚጣልበት ጥግ ሆኗል። የጽሑፍ ታሪክ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የጽሑፍ ተጠያቂነት የሚገኘው ከታች፣ ከመጨረሻው መስመር ነበር።

ከብራናው መጨረሻ

ቀኑ ተጽፎባቸው ዛሬ ድረስ ከቆዩት የታተሙ መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚው በቻይና ዱንኋንግ ዋሻ የተገኘው «የአልማዝ ሱትራ» የተባለው የቡድሃ ሃይማኖት ጥቅል ነው። የታተመበት ቀን ሜይ 11 ቀን 868 መሆኑ የሚታወቀው ከጥቅሉ መጨረሻ ላይ በተቀመጠው ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው ዋንግ ጂዬ የተባለ ሰው ስለ ወላጆቹ ብሎ በነፃ እንዲታደል እንዳሠራው ይናገራል። ያ መስመር ባይኖር ጥቅሉ ዘመኑ የማይታወቅ ወረቀት ይሆን ነበር።

አውሮፓ ውስጥም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ መቼና በማን እንደታተመ የሚናገር ማስታወሻ የለውም፤ ምሁራን ዘመኑን የወሰኑት ከሌሎች ማስረጃዎች ተነሥተው ነው። በ1457 ማይንዝ ከተማ ውስጥ ዮሐን ፉስትና ፒተር ሸፈር ያሳተሙት መዝሙረ ዳዊት ግን መጨረሻው ላይ የአታሚዎቹን ስም፣ የሥራውን ዘዴና ቀኑን ይዞ ወጣ። በአውሮፓ የታተመ መጽሐፍ እንዲህ ሲፈርም ይህ የመጀመሪያው ነው። የሚያስቀው ደግሞ በዚያው በፊርማው አንቀጽ ውስጥ «መዝሙር» የሚለው የላቲን ቃል ሁለት ፊደላት ተቀያይረውበት መታተሙ ነው። የተፈረመበት ስሕተት ስለሆነ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ኢትዮጵያ ይህን ልማድ ከማተሚያ ቤት አልተማረችውም። የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ስሙን ይጽፋል፤ ያጻፈውን ሰው ስም ያነሣል፤ አንባቢ በጸሎት እንዲያስበው ይለምናል። መጽሐፉ የማን ደብር ንብረት እንደሆነ ይመዘገባል። የሚሰርቀውን፣ የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃልም ይከተላል። ዛሬ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው መስመር የሚሠራውን ሥራ ያኔ የሚሠራው ግዝት ነበር። ልዩነቱ ግዝቱ የባለቤቱን ስም አብሮ ይናገር የነበረ መሆኑ ነው።

ከእነዚህ ማስታወሻዎች ሁሉ ብዙ ያነጋገረው የክብረ ነገሥት መጨረሻ ላይ ያለው ነው። መጽሐፉ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደተተረጐመ ይናገራል። ወደ ግእዝ የመለሰው ይስሐቅ እንደሆነና እነማን እንደረዱት በስም ይዘረዝራል። ቀደም ሲል ለምን ወደ ግእዝ እንዳልተተረጐመ እንኳ ይገልጻል፤ ዘመኑ የዛጉዌ ነገሥታት ስለነበረና መጽሐፉ የእነርሱን ሥልጣን ስለሚነካ ነው። የታሪክ ምሁራን ይህን ሁሉ እንዳለ አይቀበሉም፤ በተለይ የቅብጡ ነገር ያከራክራል። ሆኖም መጽሐፉ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሁኑ መልኩ ተጠናቀረ ለማለት ዋና መነሻቸው ይኸው ማስታወሻ ነው። ምንጩን የሚናገር ጽሑፍ ቢያንስ ሊመረመርና ሊሞገት ይችላል። ምንጩን የማይናገር ጽሑፍ ግን ለመሞገቻም አይያዝም።

በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የዘረፋቸው መጻሕፍት ነገር ደግሞ የግርጌን ዋጋ በሌላ በኩል ያሳያል። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት 350 ያህል የመቅደላ ብራናዎች ብዙዎቹ የማን ንብረት እንደነበሩ የሚመሰክር ማስታወሻ በውስጣቸው አለ። አንዳንዶቹ አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ከመውሰዳቸው በፊት የነበሩባቸውን የጎንደር አድባራት ሳይቀር ይናገራሉ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ወደ ለንደን ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በጠየቁ ጊዜ ብሪቲሽ ሙዚየም አንዱን ቅጂ መለሰ። በተመለሰው መጽሐፍ ላይም መመለሱን የሚገልጽ፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1872 የሚል ማስታወሻ ተጻፈበት። መጽሐፉ የራሱን ጉዞ በራሱ ገጽ ላይ ይዞ ወደ አገሩ ገባ።

ግን ሌላም ልማድ ነበር። ብራናው እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ይጽፍበታል። ዛሬ ብዙ የኢትዮጵያ ብራናዎች ላይ የተፋቀው ቦታ ጎልቶ ይታያል። የሌላውን ዜና ገልብጦ ከሥሩ የራሱን አርማ የሚለጥፍ ድረ ገጽ እንግዲህ አዲስ ነገር አልፈጠረም። አዲሱ ነገር ፍቀቱ ምልክት የማይተው መሆኑ ነው።

መንግሥት ግርጌውን ማንበብ ሲጀምር

ፊርማው ለክብርና ለጸሎት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1799 የፈረንሳይ አብዮት ያስፈራው የእንግሊዝ ፓርላማ የምስጢር ማኅበራትን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ ማንኛውም አታሚ ማሽኑን እንዲያስመዘግብ አስገደደ፤ በሚያትመው ጽሑፍ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ ላይም ስሙንና አድራሻውን እንዲያሰፍር አዘዘ። ያልፈረመ አታሚ በእያንዳንዱ ቅጂ 20 ፓውንድ ይቀጣል። ዓላማው አንባቢን መጥቀም አልነበረም፤ መንግሥትን የሚቃወም በራሪ ወረቀት ሲገኝ አታሚውን ከነበሩ ማግኘት ነበር።

የፈረንሳይ የ1881 የፕሬስ ሕግም የአታሚው ስምና መኖሪያ እንዲጻፍ ያዛል። ይህ ሕግ ግን የፕሬስ ነፃነት መሠረት ተብሎ የሚጠራው ራሱ ሕግ ነው። አንድ ዓይነት መስመር በአንዱ አገር ለአሳዳጅ፣ በሌላው ለነፃነት ዋስትና ሆኖ ተጻፈ። የግርጌ ታሪክ ከዚህ በኋላ ያለ ሁለት ፊት አይነበብም።

በኢትዮጵያ ይህን ሁለት ፊት የሚያስታውሱ አንባቢዎች ዛሬም አሉ። ከፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 በኋላ የወጡት የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች የአሳታሚውንና የዋና አዘጋጁን ስም ያትሙ ነበር፤ ከሥሩም አድራሻ ይከተላል፦ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የፖስታ ሣጥን። ማተሚያ ቤቱም ይጠቀሳል። አንባቢ በጻፉት ቅር ቢሰኝ ደብዳቤ የሚልክበት፣ የተሰደበ ሰው መልስ የሚያቀርብበት በር ነበር። ያው መስመር ፖሊስ መጥሪያ የሚያደርስበትም አድራሻ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በርካታ አዘጋጆች በጻፉት ወይም ባሳተሙት ምክንያት ታስረዋል፤ ተሰደዋል።

ስለዚህ አንድ ድረ ገጽ ግርጌው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። አንዳንዴ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ከባዶ የመጣ አይደለም። የቤት ቁጥሩን ጽፎ ለወር እስር የተጠራ ሰው ልጅ ስሙን ለመጻፍ ቢያመነታ ማንም አይፈርድበትም። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፦ አንባቢ ተጠያቂ እንዲያገኝ፣ ጸሐፊም ቤቱ እንዳይሰበር የሚያደርግ ግርጌ ይኖራል ወይ?

«ፈርሙበት»

ድረ ገጽ ሲፈጠር ለጥያቄው የነበረው መልስ ቀላል ነበር። ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንድ ሰርን ምርምር ማዕከል የመጀመሪያውን ድረ ገጽ ሠርተው በ1991 ለሕዝብ አስተዋወቁ። ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ገና በጥቂት ምልክቶች ብቻ የሚሠራ ቋንቋ ሳለ ከምልክቶቹ አንዱ «አድራሻ» የሚል ነበር፤ ገጹን የጻፈው ሰው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ማስቀመጫ ነው። በርነርስ ሊ ለገጽ ጸሐፊዎች ባዘጋጁት መመሪያም ገጹ ይፈረምበት፣ መቼ እንደተጻፈና መቼ እንደታደሰ ይነገር፣ ያላለቀ ከሆነም ያላለቀ መሆኑ ይገለጽ ብለው መከሩ። ምክንያታቸው ተግባራዊ ነበር፤ ስሕተት ያየ አንባቢ ጸሐፊውን ሊያገኘው ካልቻለ ገጹ ሊታረም አይችልም።

ያ መንፈስ ብዙ አልቆየም። ድረ ገጽ የንግድ ቦታ ሲሆን ግርጌው ከፊርማነት ወደ ሕግ ጠበቃ ቋንቋ ተለወጠ። መጀመሪያ የገባችው በክብ ውስጥ ያለችው የላቲን «ሲ» ናት። ይህች ምልክት በዓለም አቀፍ ደረጃ ትርጉም ያገኘችው በ1952 ጄኔቫ ላይ በተፈረመው የቅጂ መብት ስምምነት ነው። ስምምነቱ ምልክቷ ከሁለት ነገሮች ጋር እንድትቀመጥ ያዛል፦ ከመብቱ ባለቤት ስምና ሥራው መጀመሪያ ከወጣበት ዓመት ጋር። አሜሪካ በማርች 1989 የበርን ስምምነት አባል ከሆነች በኋላ እዚያም ቢሆን መብት ለማግኘት ምልክቷ ግዴታ መሆኗ ቀረ። በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው በመፈጠሩ ብቻ ጥበቃ ያገኛል። ሕጋዊ ግዴታዋ ካበቃ በኋላ ድረ ገጾች ሁሉ ምልክቷን ይዘው ቀሩ። ከሦስቱ አካላት አንባቢን የሚጠቅሙት ስሙና ዓመቱ ነበሩ። ብዙ ገጽ ላይ የተረፈው ግን ምልክቷና በኮድ በየጃንዋሪው ራሱን የሚቀይር ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ስለ ጽሑፉ ዕድሜ የሚናገረው ነገር የለም።

በኦክቶበር 2014 ዐምስተኛው የኤችቲኤምኤል ደረጃ ሲጸድቅ ግርጌ የራሱን ምልክት አገኘ። የደረጃው ሰነድ ግርጌ ምን እንደሚይዝ ሲያብራራ የጻፈው ሰው ማንነት፣ ተያያዥ ሰነዶች፣ የቅጂ መብት ይላል። ከሁሉም አስቀድሞ የተጠቀሰው ጸሐፊው ነው።

የሁለት ክሊክ ርቀት

ሥነ ምግባሩ ሲዳከም ሕግ ገባ። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ባወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ መመሪያ አገልግሎት ሰጪ ድረ ገጾች ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና በፍጥነት የሚገኙበትን መንገድ እንዲያሳውቁ አዘዘ። ጀርመን ይህን ከሁሉ አጥብቃ ያዘችው። ከጋዜጣ ዘመን የወረሰችው «ኢምፕረሱም» የተባለው የአሳታሚ ማንነት መግለጫ እስከ ዛሬ በጀርመን ድረ ገጾች ግርጌ ላይ አይጠፋም። ማጓደል እስከ 50 ሺህ ዩሮ ሊያስቀጣ ይችላል።

ሕጉ ሲሠራበት ስለ ግርጌ አሠራር በጣም ተጨባጭ ጥያቄዎች ፍርድ ቤት ደረሱ። መግለጫው ከፊት ካለው ገጽ ምን ያህል ሊርቅ ይችላል? የጀርመን ከፍተኛ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2006 በሁለት ክሊክ የሚደረስ ከሆነ ይበቃል አለ፤ አንባቢ «አድራሻ» ብሎ፣ ቀጥሎ «ኢምፕረሱም» ብሎ ሲነካ መድረሱ ችግር የለውም። ኢሜይል ብቻ ማስቀመጥስ ይበቃል? የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2008 አይበቃም ሲል ወሰነ። ሌላ ፈጣንና ቀጥተኛ መገናኛ መኖር አለበት፤ የግድ ስልክ ባይሆንም። ዳኞች ዲዛይነር አይደሉም። ሆኖም ብዙ ዲዛይነሮች ያልጠየቁትን ጥያቄ ጠየቁ፦ የተጎዳ ሰው በስንት ርምጃ ሰው ያገኛል?

ጀርመን ግን የኢትዮጵያን የግል ጋዜጦች ያገኘውን ችግር በሌላ መልኩ አገኘችው። ትንሽ ገቢ የሚያገኝበት ገጽ ያለው ግለሰብ ቢሮ ስለሌለው የመኖሪያ ቤቱን አድራሻ ለዓለም ማሳየት ግድ ይለዋል፤ ዛቻ የሚደርስበት ጸሐፊ ከሆነ አደጋው ግልጽ ነው። ፈረንሳይ በ2004 ባወጣችው ሕግ ሌላ መንገድ መረጠች። ገጹን ለሙያ ሳይሆን በግሉ የሚጽፍ ሰው ስሙን ከአንባቢ ሊሰውር ይችላል። ነገር ግን ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት ስምና አድራሻ ግርጌው ላይ ይጻፋል፤ ጸሐፊውም ማንነቱን ለዚያ ድርጅት በትክክል ያስመዘግባል። የተበደለ ሰው በሕግ መንገድ ሲሄድ ተጠያቂው ይገኛል፤ የተቆጣ ሰው ግን ድንጋይ ይዞ በሩ ላይ አይቆምም። ይህም የሚሠራው ፍርድ ቤቱ የሚታመን ሲሆን ነው። ቢሆንም ፊርማና ደኅንነት የግድ ጠላት እንዳልሆኑ ያሳያል።

እንግሊዝም ወደ 1799ኙ መስመር በሌላ ልብ ተመልሳለች። በ2022 የወጣውና በኖቬምበር 2023 ሥራ ላይ የዋለው ድንጋጌ በኢንተርኔት የሚሰራጭ የፖለቲካ ማስታወቂያ ማን እንዳሠራውና ስለ ማን እንደተሠራ እንዲጻፍበት ያስገድዳል። ድሮ መንግሥት ተቃዋሚን ለመያዝ የፈለገው መስመር አሁን መራጩ የሚያናግረውን እንዲያውቅ ተፈለገ።

ማለቂያ የሌለው ገጽና የተመሳሰለ ፊት

ሕግ ግርጌውን ሲያጠብቅ ቴክኖሎጂ ግርጌውን አጠፋው። በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ዲዛይነር አንባቢ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አዲስ ነገር የሚጨምር፣ ማለቂያ የሌለው ገጽ ሠራ። ማኅበራዊ ሚዲያዎች ወደዱት። ራስኪን በኋላ በይፋ ተጸጽቷል፤ ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት የሚነግረውን ምልክት ነጥቆታልና። ብዙም ያልተነገረው ጉዳት ግን ሌላ ነው። መጨረሻ የሌለው ገጽ ግርጌ የለውም። ግርጌ ከሌለ ፊርማ የሚቀመጥበት ቦታ የለም።

ከዚህ ባዶነት የተጠቀሙ ተገኙ። በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ወቅት በመቄዶንያ ቬለስ የምትባል ትንሽ ከተማ ያሉ ወጣቶች የአሜሪካ ዜና ማሠራጫ የሚመስሉ ከ100 በላይ ድረ ገጾችን ከፍተው በሐሰተኛ ወሬ ገንዘብ ሰበሰቡ። በ2022 ደግሞ የአውሮፓ ተመራማሪዎች የእነ ዴር ሽፒግልንና ጋርዲያንን መልክ ሙሉ በሙሉ የገለበጡ የሩሲያ ፕሮፓጋንዳ ገጾችን አጋለጡ። አርማው፣ ቀለሙ፣ የፊደሉ ዓይነት አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በአድራሻ መስመሩ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ግርጌ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ በ2017 ባወጡት ጥናት 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 የመረጃ አጣሪዎችንና 25 ተማሪዎችን አንድ ዓይነት ገጾች አስመረመሩ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ገጹ ውስጥ ቆይተው በአርማውና በአቀራረቡ ተታለሉ። መረጃ አጣሪዎቹ ግን ከገጹ ቶሎ ወጥተው ሌሎች ስለ እርሱ ምን እንደሚሉ ፈለጉ፤ በአጭር ጊዜም እውነቱን ደረሱበት። ነገር ግን ወጥቶ ለመፈለግ የሚፈለግ ስም ያስፈልጋል። ጥሩ ግርጌ ለአንባቢው የሚሰጠው ያንን የክር ጫፍ ነው። የድርጅቱ ስም በንግድ መዝገብ፣ የአዘጋጁ ስም በቀድሞ ሥራው፣ የስልክ ቁጥሩ በመደወል ይጣራል። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን በምንም አይጣራም።

ለአማርኛ ድረ ገጽ የሚበጅ ግርጌ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ የአማርኛ ዜና ወይም አስተያየት ድረ ገጽ ግርጌውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያስተካክለው ይችላል።

አንደኛው ስም ነው። ድርጅት ከሆነ የተመዘገበበት ሙሉ ስም፣ ኃላፊነት የሚወስደው አዘጋጅ ስም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የኢንተርኔት መገናኛ ብዙኃንንም በውስጡ አካቷል፤ ጉዳዩ የፈቃደኝነት ብቻ አይደለም። ጸሐፊው በብዕር ስም የሚጽፍ ከሆነ የብዕር ስም መሆኑ ይነገር፤ የተቋሙ ስም ግን እውነተኛ ይሁን። የቤት ቁጥር አያስፈልግም፤ የቢሮ አድራሻ ወይም የፖስታ ሣጥን ይበቃል።

ሁለተኛው መገኛ ነው። ከአንድ በላይ ይሁን፣ አንዱ ቢያንስ ከማኅበራዊ ሚዲያ ውጭ ይሁን። የፌስቡክ ገጽ በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ይችላል። ማንም የማይከፍተው ኢሜይል ማስቀመጥም ካለማስቀመጥ አይሻልም፤ ሰው ተስፋ አድርጎ ይጽፋልና።

ሦስተኛው እርማት ነው። ስሕተት የሚጠቆምበትና የታረሙ ጽሑፎች የሚዘረዘሩበት አንድ ገጽ ከግርጌው ይገናኝ። የሮሙ ሐዲስ ኪዳን ያደረገው ይህንኑ ነበር። ጽሑፉን አጥፍቶ ዝም ማለት ማረም አይባልም።

አራተኛው ቀን ነው፤ እዚህ ላይ የአማርኛ ገጽ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። «2016» የሚል ቁጥር ብቻውን ሲታይ በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለው። የድሮ የግጭት ዜና እንደ አዲስ ሲዞር ከሚጠቀምባቸው ክፍተቶች አንዱ ይህ ነው። ጽሑፉ የወጣበትና የታደሰበት ቀን ከነአቆጣጠሩ ይጻፍ። ራሱን የሚቀይረው የቅጂ መብት ዓመት ይህን አይተካም።

ዐምስተኛው ገንዘብ ነው። ገጹ በማን ይደጎማል? በማስታወቂያ፣ በፓርቲ፣ በዕርዳታ ድርጅት፣ በውጭ አገር ባሉ ደጋፊዎች? አንድ መስመር ይበቃል። ዋንግ ጂዬ ከ1,100 ዓመት በፊት ማን እንደከፈለ ጽፎታል።

ስድስተኛው የአንባቢው መረጃ ነው። ገጹ ስምና ስልክ የሚሰበስብ፣ አንባቢን የሚከታተል ከሆነ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዘመን ያንን የሚገልጽ ቃል ከግርጌው መገናኘት አለበት። ካሊፎርኒያ በ2020 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ መረጃ የሚሸጡ ኩባንያዎች «የግል መረጃዬን አትሽጡ» የሚል መገናኛ በግልጽ እንዲያስቀምጡ ማስገደዷ ለዚህ ነው። መግለጫው ከሌላ ድረ ገጽ የተገለበጠ እንግሊዝኛ ከሆነ ግን ለአማርኛ አንባቢ የለም ማለት ነው።

የቀረው መነበብ ነው። በ2024 አንድ ሚሊዮን የድረ ገጽ መግቢያዎችን የመረመረው ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ተቋም 81 በመቶው ላይ ቀለሙ ከመደቡ በበቂ ያልተለየ ጽሑፍ አግኝቷል። ግራጫ በግራጫ የተጻፈ ግርጌ የዚህ ዋና ቤተኛ ነው። የዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ 4.5 ለ1 የሆነ የብሩህነት ልዩነት ይጠይቃል። የፊደሉ መጠን ሲያንስ «ሀ» ከ«ሆ»፣ «ለ» ከ«ሉ» የሚለዩባቸው ትንንሽ ቅጥያዎች ስለሚጠፉ የግእዝ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ብሎ ቢጻፍ ይሻላል። መገናኛዎቹ በአውራ ጣት ሳይሳሳቱ የሚነኩ፣ በየገጹ በአንድ ቦታ የሚገኙ ይሁኑ። ስምና ስልኩ በምስል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀመጥ፤ በደካማ ኔትወርክ ምስሉ ላይመጣ ይችላል፤ ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራምም ምስል አያነብም። ዝርዝሩም አይብዛ። ስድሳ መገናኛ የተከመረበት ግርጌ ስሙን ከደበቀው ግርጌ እኩል ነው።

ገጽ የሌለው ጽሑፍ

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያዊ ዜና የሚያነበው ድረ ገጽ ላይ እንኳ አይደለም። ከአንድ ቻናል ወደ ሌላ የተላለፈ ጽሑፍ፣ ከመሀሉ የተቆረጠ ስክሪንሾት፣ በቤተሰብ ግሩፕ የደረሰ የድምፅ መልእክት ነው። ጽሑፍ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ራስጌው ነው፤ የሚወድቀው ግርጌው ነው። ብራናው ላይ ስሙ ሲፋቅ ቢያንስ የተፋቀበት ቦታ ይታይ ነበር፤ አሁን ያም የለም።

ስለዚህ ለአንባቢውም አንድ ሥራ ተረፈው። «አጋሩ» የሚለውን ቃል ከመታዘዝ በፊት ወደ ታች ወርዶ የመጨረሻውን መስመር መፈለግ። ስም ካለ ስሙን ይዞ ማጣራት፤ ስም ከሌለ ጽሑፉን እዚያው ማቆም። በ1548 ሮም ውስጥ ማንበብ የማይችሉና ማተም የማያውቁ ሰዎች የሠሩት ስሕተት የበዛበት መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚታመነው ሠሪዎቹ የማን ስሕተት እንደሆነ ስለተናገሩ ነው። ከዚያ ያነሰ ነገር ከዜና አቅራቢ መቀበል አይገባም።